ከተረፉት ተጫዋቾች መካከል መምረጥ

በቡታጅራ ከተማ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወደ አንዱ የዲ ኤስ ቲቪ ቤት ጎራ ያለ ሰው ትንሽ ግር የሚያሰኝ ነገር ሳያይ አይቀርም። የአርሰናልን ማልያ ለብሶ ከፊት የተቀመጠ ወጣት፣ አርሰናል ላይ ጎል ሲቆጠር በማዘን ፈንታ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። አጠገቡ ያለው ጓደኛው «ምነው ወንድሜ፣ ጤና የለህም እንዴ?» ሲለው «ያገባው እኮ የኔ ልጅ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ወጣቱ ይህን ሲል ዘመዴን አየሁ ማለቱ አይደለም። በስልኩ ላይ ባቋቋመው የምናብ ቡድን ውስጥ ያ ተጫዋች የርሱ ሆኖ ተመዝግቧልና፣ ጎሉ ለአርሰናል ጉዳት ቢሆንም ለርሱ ነጥብ ነው።

ጨዋታው ፋንታሲ ይባላል። ተማሪውም ሆነ አዲስ የተቀጠረው የመንግሥት ሠራተኛ ከቡና ጋር የሚያወራው ስለ ሆነ ስሙን ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ይህን ጨዋታ የጀመረው በ2002/03 የውድድር ዘመን ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ባለ ቡድኑ 100 ሚሊዮን የምናብ ፓውንድ ይሰጠውና 15 ሰው ይገዛል፤ 2 በረኞች፣ 5 ተከላካዮች፣ 5 አማካዮችና 3 አጥቂዎች። በዚህ በተለመደው ዓይነት አንድ ተጫዋች ለሁሉም ይደርሳል። ሞሐመድ ሳላህን ወልቂጤ ያለውም፣ ቡታጅራ ያለውም፣ ለንደን ያለውም ሰው ባንድ ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ሳላህ በ2024/25 ዓመት 344 ነጥብ በማምጣት ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበትን ቁጥር ባስመዘገበ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ይዞት ስለ ነበር አንዱ ከሌላው በርሱ የበለጠው ነገር ብዙ አልነበረም።

እኔ ዛሬ ላወራበት የምፈልገው ግን ከ2017 ጀምሮ ስለ መጣው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ይኸውም ድራፍት የሚባለው ነው። በድራፍት ገንዘብ የለም፣ ካፒቴንም የለም። ጓደኛሞች ማኅበር ያቆሙና በየተራ እየጠሩ ተጫዋች ይመርጣሉ፤ አንዱ የመረጠውን ሌላው መውሰድ አይችልም። ስምንት ሰዎች በአንድ ማኅበር ቢሰባሰቡ 8 ጊዜ 15፣ 120 ተጫዋቾች ባለቤት ያገኛሉ። የቀሩት የሃያው ክለብ ተጫዋቾች ሁሉ ባለቤት አጥተው በአንድ ዝርዝር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ማሻሻያ የሚገኘው፣ ጓደኛ ተለማምጦ ካለዋወጠ በቀር፣ ከዚህ ከተረፉት ዝርዝር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቀን ምርጫ ጨዋታውን የሚወስነው ይመስለዋል። ነገር ግን ስምንቱም ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ዙሮች የሚመርጠው ስማቸው የታወቀውን ነውና በዚያ ብዙ መበላለጥ የለም። የውድድሩ ዘመን 38 ሳምንት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ የሚጎዳ፣ ከአሠልጣኙ የሚጣላ፣ በጥር ወር ወደ ሌላ አገር የሚሸጥ አለ። መስከረም ላይ የተያዘው ቡድን ግንቦት ላይ ሲታይ ግማሹ ተለውጦ ይገኛል። እንግዲህ መበላለጡ ያለው፣ ያን ግማሽ ከምን ዓይነት ሰው ሞላው በሚለው ላይ ነው።

አወሳሰዱ ሥርዐት አለው። ፈላጊው «እገሌን ስጡኝ፣ በርሱ ፈንታ እገሌን እለቃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ጥያቄ ያስገባል፤ እንግሊዞቹ ይህን ዌቨር ይሉታል። ሁለት ሰዎች አንዱን ተጫዋች ቢጠይቁ በተራ ቅድሚያ ያለው ይወስደዋል። ጥያቄዎቹ የሚታዩት የሳምንቱ ምዝገባ ከመዘጋቱ 24 ሰዓት በፊት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያልተወሰደውን የቀደመ ያገኘዋል። ምዝገባው የሚዘጋው ከመጀመሪያው ጨዋታ 90 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ እንደ ልማዱ ቅዳሜ ቢሆን፣ በኛ ሰዓት በክረምታቸው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት መሆኑ ነው። የጥያቄው ሰዓት እንግዲህ ዓርብ በ8 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛው ከምሳ ተመልሶ ወንበሩ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት! የክፍሉ ኃላፊ ዓርብ ከምሳ በኋላ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ጸሐፊ ቢያይ ምክንያቱን ከዚህ መገመት ይችላል።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። አብዛኛው ሰው ከተረፉት ዝርዝር የሚያነሣው ባለፈው ሳምንት ጎል ያገባውን ነው። ዝርዝሩን በነጥብ ቅደም ተከተል ያስደረድርና ከላይ ያገኘውን ይወስዳል። ይህ ሰው በርበሬ የሚገዛው ዋጋው ከጣራ በደረሰበት ቀን፣ ያውም ሰው ከተረባረበበት ክምር ነው። የቡታጅራ ነጋዴ እንዲህ እንደማያደርግ ማንም ያውቃል። የማረቆን በርበሬ የሚገዛው ሰው ይዘገንና ያሸታል፤ ደረቅነቱን በእጁ ይሞክራል፤ ሻጩ ለሚቀጥለው ገበያም የሚያመጣ መሆኑን ይጠይቃል። የትናንቱ ጎል የሚነግረን ተጫዋቹ ትናንት ምን እንዳገኘ ነው። የምንፈልገው ግን የሚመጣውን አራት ሳምንት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት የመሥሪያ ቤቱ የፊርማ መዝገብ ነው ብል እቀልዳለሁ አይባልብኝ። ለአንድ ተጫዋች 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሜዳ ላይ መቆየት ብቻውን 2 ነጥብ ያስገኝለታል፤ ከዚያ ካነሰ 1 ነው። ጎል ለአጥቂ 4፣ ለአማካይ 5፣ ለተከላካይ 6 ነጥብ ነው፤ ጎል የሆነችውን ኳስ ያቀበለ 3 ያገኛል፤ ቡድኑ ጎል ሳይቆጠርበት ከወጣ ተከላካዩና በረኛው 4 ይጨመርላቸዋል። ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ ተቀይሮ የሚገባ አማካይ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ገብቶ ጎል አስቆጠረና 6 ነጥብ አገኘ፤ ስሙም በየቡና ቤቱ ተወራ። በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ሁለቱን ለሩብ ሰዓት ያህል ገባ፣ አንዱን ጨርሶ አልገባም። የአራት ሳምንቱ ድምር 8 ነው። ሌላው ማንም የማይጠራው የመሐል ተከላካይ ነው። አራቱንም ጨዋታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጫወተ፤ ይህ ብቻ 8 ነጥብ ነው። አንድ ቀን ጎል ሳይቆጠርበት ወጣ፣ 4። ሁለት ቀን ደግሞ ኳስ በመንጠቅና በማራቅ የሚሰጠውን 2፣ 2 ነጥብ አገኘ። አንድ ቢጫ ካርድና ሁለት ጎል የገባበት አንድ ቀን ሁለት ነጥብ ቢቀንሱበት ድምሩ 14 ይሆናል። ስሙ የተወራው 8፣ ያልተወራው 14።

ይህን የነጥብ ስሌት መጀመሪያ በደንብ ያወቁት እግር ኳሰኞች አይደሉም። የዚህ ዓይነቱ የምናብ ማኅበር ሥሩ አሜሪካ፣ ጨዋታውም ቤዝቦል ነው። በ1980 ዳንኤል ኦክረንት የተባለ ጸሐፊና ጓደኞቹ፣ ይሰበሰቡበት በነበረው ላ ሮቲሴሪ ፍራንሴዝ በተባለው የኒው ዮርክ ምግብ ቤት ስም ማኅበራቸውን ሰይመው ጀመሩት። ቤዝቦል ለኛ ከገና ጨዋታችን ዱላ በቀር ምንም የማያስታውስ ባዕድ ነገር ነው፤ ስለ ሆነም ከደንቡ የሚያስፈልገንን ያህል ብቻ ልጥቀስ። ዘጠኝ መቺዎች በተራ ይቆማሉ፤ ወርዋሪው ኳስ ይወረውርላቸዋል። ኳሱን ከአጥሩ አሻግሮ የመታ ሆም ራን አገባ ይባላል፤ ተመልካች የሚጮኸውም ለርሱ ነው። ሦስት ጊዜ የሳተ ይባረራል። ወርዋሪው አራት የተበላሸ ኳስ የላከለት ደግሞ ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ጣቢያ በእግሩ እንዲሄድ ይፈቀድለታል።

በነጥብ በሚቆጠሩት የቤዝቦል ማኅበሮች ዘንድ በተለመደው አንድ አቆጣጠር፣ መቺው በምቱ ለደረሰበት ለያንዳንዱ ጣቢያ 1፣ ያለ ምት ለመሄድ 1፣ ዞሮ ለመግባት 1፣ ሌላውን ወይም ራሱን ለማስገባት 1 ይሰጣል። ሦስት ጊዜ ስቶ ለተባረረ 1 ይቀነሳል። አንድ መቺ ሜዳው ባዶ ሳለ ሆም ራን መትቶ 6 ነጥብ አገኘና በቀሩት ሦስት ተራዎቹ ሁሉ ስቶ ተባረረ እንበል፤ የቀኑ ዋጋው 3 ነው። ሌላው ሁለት ጊዜ በእግሩ ተፈቅዶለት ሄደ፣ አንድ ጊዜ ለአንድ ጣቢያ የሚበቃ ምት መታ፣ አንድ ጊዜም ዞሮ ገባ፤ የርሱ 4 ነው። ማታ በዜና የሚታየው የፊተኛው ነው። አሜሪካዊው ባለ ቡድን እንግዲህ ከተረፉት መቺዎች መካከል ሲፈልግ የሚያየው ማን አጥር አሻገረ የሚለውን ሳይሆን ማን በየቀኑ ይሰለፋል፣ በተራው ዝርዝር ስንተኛ ነው፣ ስንት ጊዜስ ይስታል የሚለውን ነው። በዓመት 162 ጨዋታ አለና በተራው አንደኛ የሚቆም መቺ ዘጠነኛ ከሚቆመው ከ100 በላይ ለሚሆን ጊዜ አብልጦ ዱላ ይይዛል። ሉዊስ አራኤዝን የመሰለ መቺ በ2024 ዓመቱን ሙሉ የመታው ሆም ራን 4 ብቻ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ ስቶ የተባረረውም 29 ጊዜ ብቻ ነው። ሆኖም በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ፣ ያውም በሦስት የተለያዩ ክለቦች፣ ከማኅበሩ መቺዎች ሁሉ በምት አማካይ አንደኛ ወጥቷል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ እንግሊዙ ሜዳ ስንመለስ፣ በየሳምንቱ ከሚሰለፉት መካከል ደግሞ የተለየ ሥራ የተሰጠውን መፈለግ ይገባል። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ማን ነው? የማዕዘን ምት የሚያሻማውስ? ኮል ፓልመር ከማንችስተር ሲቲ ወደ ቼልሲ የሄደው የዝውውሩ ጊዜ በሚያበቃበት በሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ነው። የምናብ ዋጋው 5 ሚሊዮን ነበር፤ በዚህ ዋጋ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የወንበር ማሞቂያ ነው። በኦክቶበር 7 ቀን ቼልሲ በርንሊን 4 ለ 1 ባሸነፈበት ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምቱን ፓልመር መታና ለቼልሲ የመጀመሪያውን የሊግ ጎል አገባ። በዚያን ቀን መታየት የነበረበት ጎሉ አልነበረም፤ ኳሱን ማን አንሥቶ ነጥቡ ላይ አስቀመጠ የሚለው ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ 22 ጎል አግብቶ፣ ከነዚህም 9ኙን በፍጹም ቅጣት ምት፣ በጠቅላላው 244 ነጥብ በማምጣት ከሁሉም አንደኛ ሆነ።

ሌላው ምልክት የአሠልጣኝ መለወጥ ነው። አዲስ አለቃ ወደ መሥሪያ ቤት ሲመጣ ከጥግ ተቀምጦ የነበረው ሠራተኛ ወደ ፊት ሲጠራ አይተን እናውቅ የለምን? ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የኖቲንግሃም ፎረስት አሠልጣኝ የሆነው በዲሴምበር 2023 ነው። ሳምንት ሳይሞላው፣ በዲሴምበር 26 ቀን፣ ክሪስ ዉድ በቀድሞ ክለቡ በኒውካስል ላይ ሦስት ጎል አገባ። ዓመቱን በ14 ጎል ጨረሰ። ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ዋጋው 6 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ ዕድሜው ከ30 አልፏልና፣ ክለቡም ትልቅ አይደለምና፣ ማን ይፈልገው? በ2024/25 20 ጎል አስቆጠረ።

ከዚህ ይልቅ ረቀቅ ያለው የስም ዝርዝሩ ስሕተት ነው። የጨዋታው አዘጋጆች እያንዳንዱን ሰው ተከላካይ፣ አማካይ ወይም አጥቂ ብለው የሚጽፉት ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አሠልጣኙ ግን ባለው ቦታ ያሰልፈዋል። በ2019/20 የሼፊልድ ዩናይትዱ ጆን ላንድስትራም በ4 ሚሊዮን፣ በተከላካይነት ተመዘገበ። ሜዳ ላይ ግን አማካይ ነበር። ቡድኑ ጎል ሳይቆጠርበት ሲወጣ የተከላካይ 4 ነጥብ ይቀበላል፤ ወደ ፊት ሄዶ ሲያገባ ደግሞ የተከላካይ 6 ይታሰብለታል። በዚያ ዓመት 5 ጎል አገባ። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት የሚያስፈልገው አንድ ጨዋታ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው አያገኘውም። እዚህ ላይ የዲ ኤስ ቲቪ ቤት ደንበኛ ከቤቱ ሆኖ ስልኩን ብቻ ከሚያይ ሰው ይበልጣል።

በ2025/26 አንድ ደንብ ተጨምሯል፤ ለተረፉት ዝርዝር ከዚህ የተሻለ ነገር የመጣ አይመስለኝም። አንድ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ኳስ በማራቅ፣ በመከልከል፣ በማቋረጥና በመንጠቅ 10 ጊዜ ከሞላ 2 ነጥብ ያገኛል። አማካዩና አጥቂው የባከነ ኳስ መሰብሰባቸውም ተቆጥሮላቸው 12 መሙላት አለባቸው። ይህ ደንብ የተጻፈው ለኤቨርተኑ ጄምስ ታርኮውስኪ ዓይነት ሰው ነው ቢባል ያስኬዳል። ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ ኳስ የሚያርቀው ኳስ የሚመጣበት ነውና፣ የደካማ ቡድን ተከላካይ በዚህ በኩል ከሻምፒዮኑ ተከላካይ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ መሆኑ ነው። ባለቤት ያላገኙት ተከላካዮች ደግሞ በአብዛኛው የደካማ ቡድን ሰዎች ናቸው። ዘወትር የሚናቀው ሰው ዋጋ ያገኘበት ደንብ ነው።

ለኛ ለአፍሪካውያን የቀረበ አንድ ምሳሌም አለ። የአፍሪካ ዋንጫ ከዲሴምበር 21 ቀን 2025 እስከ ጃንዋሪ 18 ቀን 2026 በሞሮኮ በተደረገበት ጊዜ ብዙ ተጫዋቾች ክለባቸውን ትተው ሄዱ። ይህ በድንገት የደረሰ ነገር አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አስተዋዩ ሰው የሚሄደውን ከመቁጠር አልፎ በሄደው ቦታ የሚሰለፈውን ያስባል። ያ ምትክ ሰው እስከ ኖቬምበር ድረስ ከዝርዝሩ ግርጌ ተቀምጦ ማንም አልጠየቀውም።

መውሰዱን ይህን ያህል ካወራን ዘንድ መልቀቁን እናንሣ፤ አንድ ሰው ሲገባ አንድ ሰው መውጣት አለበትና። ብዙውን ማኅበር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚወደውን ክለብ ተጫዋች አይለቅም። በሦስተኛው ዙር የመረጠውንም አይለቅም፤ ለቆት ጓደኛው ቢወስደውና ጎል ቢያገባ የሚሰማውን ፌዝ ይፈራል። እኔ እንደማምነው ለመልቀቅ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ይህ ሰው ባለፉት አራት ሳምንታት ስንት ጊዜ 60 ደቂቃ ተጫወተ? ዛሬ ባለቤት አጥቶ ዝርዝሩ ላይ ባገኘው እጠይቀው ነበር? የሁለተኛው መልስ «አይ» ከሆነ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር ቦታ ይዞ መቀመጡ ነው። የታመመ ትልቅ ተጫዋች ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ስድስት ሳምንት ቢጠበቅ የሚመለስና ከተመለሰም የሚሰለፍ ከሆነ፣ በሳምንት አራት ነጥብ ለሚያመጣ ሰው ብሎ እርሱን መጣል ቸኩሎ መሸጥ ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ ገንዘብ ሳላነሣ ብቀር ነገሩን በግማሹ እንዳወራሁት ይቆጠርብኛል። ጨዋታው ራሱ በነጻ ነው። ሆኖም በየማኅበሩ ብር አዋጥቶ ለአሸናፊው መስጠት እየተለመደ ሄዷል። አንዳንዶች ይህን ዕቁብ ይሉታል፤ እኔ ግን ይህን አባባል አልቀበለውም። በዕቁብ ሁሉም በተራው ያዋጣውን ያህል ያነሣል፤ በዚህኛው ግን ሰባቱ ከስረው አንዱ ይወስዳል። የደመወዙን ሩብ እዚህ ውስጥ የሚያስገባ ወጣት ተቀጣሪ ከውርርድ ቤት የሚለየው ወረፋ ባለመሰለፉ ብቻ ነው። ማኅበሩ ሳይፈርስ 38ቱን ሳምንት እንዲዘልቅ የሚፈልግ ሰው መዋጮውን ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ባያሳልፍ ይሻለዋል። ብሩ ሲበዛ ጓደኛ ከጓደኛ ጋር ተጫዋች መለዋወጥ ይተዋል፤ የተሸነፈውም ጥር ላይ ቡድኑን ጥሎ ይሄዳል፤ የርሱ ቡድን ሳይነካ ሲቀር ደግሞ 15 ተጫዋቾች ባለቤት እያላቸው እንደሌላቸው ሆነው ይታሰራሉ፤ ከተረፉት መካከል የሚገኘውም ሰው በዚያው መጠን ያንሳል።

ጥያቄውን ሐሙስ ማታ ማስገባት ይሻላል። ዓርብ በ8 ሰዓት መብራት ላይኖር ይችላል፤ ኔትዎርኩም እንደዚያው። ሦስት ስም በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይፈቀዳልና፣ የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ቢቀድም ሁለተኛው ይደርሳል። ሦስቱንም ከመጻፍ በፊት ግን ያለፈውን የአራት ሳምንት ደቂቃቸውን አንድ በአንድ ማየት ነው።